ዘፋኟ «ስሜን አንሺልኝ» አለችኝ፤ አነሳሁት፤ ሌላ ሰው መለሰው። ምን ላድርግ?

ክሬዲት አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በፈቃደኝነት የፊልምና የሙዚቃ ዳታቤዝ ላይ መረጃ መሙላት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ። ፊልሙ አልቆ ሌላው ሰው ሲነሳ እኔ ቁጭ እላለሁ። በመጨረሻ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር እያቆምኩ አነባለሁ። ድምፅ የቀዳው፣ መብራት የያዘው፣ ልብስ ያዘጋጀችው። ስማቸውን ማንም የማይጠራቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል ብዬ ነው የጀመርኩት። ዛሬም እንደዚያው ነው የማምነው።

ጉዳዩ የአንዲት ተቀባይ ነው። አራት አልበም ላይ ኮረስ ሠርታለች። ሽፋኖቹ ላይ ያለው የመድረክ ስሟ ብቻ ነው፣ አንድ ቃል። ገጿ ላይም ከዚያ ሌላ ምንም አልነበረም። «የመታወቂያ ስም» የሚለው ሳጥን ባዶ። «የትውልድ ቀን» የሚለውም ባዶ። እኔ ደግሞ ባዶ ሳጥን ሳይ አያስችለኝም።

ፈለግኩ። አንድ ሰው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «እህቴ፣ እንኳን 40 ዓመት ሞላሽ» ብሎ ሙሉ ስሟን ከነፎቶዋ ለጥፎ አገኘሁ። ሁለተኛው አልበም ጀርባ ላይ ካለችው ሴት ጋር አስተያየሁት። ግራ ጉንጯ ላይ ያለችው ነጥብ እንኳን ሳትቀር አንድ ናት። ከተለጠፈበት ቀን ላይ 40 ዓመት ቀነስኩ። ስሙንና ቀኑን አስገባሁ፣ ሊንኩን ምንጭ ብዬ አያያዝኩ፣ ተኛሁ። ደስ ብሎኝ ነበር የተኛሁት።

በሦስተኛው ሳምንት መልእክት ላከችልኝ። አልተሳደበችም። ሙዚቃ ከተወች ከ10 ዓመት በላይ እንደሆናት ነገረችኝ። የመድረኩን ስም ያወጣችው እንዲያምርላት ብላ እንዳልሆነም ነገረችኝ። በዚያ ስም ብቻ የሚያውቃት ሰው አለ። በእውነተኛ ስሟ እንዲያገኛት አትፈልግም። ሁለቱ ስሞች አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የተጻፉበት ቦታ አልነበረም፣ እኔ እስክጽፋቸው ድረስ። መጨረሻ ላይ «እባክሽ» የሚል ቃል ብቻውን አንድ መስመር ላይ ነበር።

ክው አልኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሁለቱንም አጠፋሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት። አመሰገነችኝ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ሌላ በጎ ፈቃደኛ መልሶ አስገባው። ማስታወሻው «ምንጭ ያለው መረጃ ያለ ምክንያት አይነሳም» ይላል። ምንጩ እኔ ያያያዝኩት ሊንክ ነው። ደግሞም አልተሳሳተም፣ የቤቱ ደንብ እንደዚያ ይላል። ስሟን ፍለጋ ላይ ሳስገባ ሌሎች ሁለት ድረ ገጾች ቀድተውት አገኘሁ።

እንቅልፍ አጥቻለሁ። መልሼ ላጥፋው? ምክንያቱን ልጻፍ? የተቀዳውንስ ምን አደርገዋለሁ? ከዚህ በፊት የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።


የቆየ አርታኢ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ እጅሽን ሰብስቢ። መልሰሽ አታጥፊው። አንቺ ስታጠፊ እሱ ሲመልስ ገጹ «በቅርቡ የተለወጡ» ዝርዝር ላይ ደጋግሞ ይወጣል። እስከ ዛሬ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ገጽ አሥር ሰው ይከፍተዋል።

ሁለተኛው ከዚህም ይብሳል። ምክንያቱን ማስታወሻው ላይ አትጻፊ! «ባለቤቷ ለደህንነቷ ስትል እንዲነሳ ጠይቃለች» ብለሽ ብትጽፊ ያ ዓረፍተ ነገር ለሁሉም ይታያል። የሚፈልጋት ሰው ካለ መንገዱን አሳየሽው ማለት ነው። እኔ ይህንን የተማርኩት በሰው ላይ አድርጌው ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ለዳታቤዙ አስተዳዳሪዎች በግል ጻፊ፣ በውይይት ገጹ ላይ አይደለም። ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው መረጃው እንዲነሳ። ሁለተኛው የለውጥ ታሪኩ እንዲደበቅ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይረሳል። ገጹ ንጹሕ ሆኖ «ታሪክ» የሚለውን ስትጫኚው ስሙም ቀኑም እዚያው ይጠብቅሻል። ዊኪፔዲያ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተመደቡ ሰዎች አሉ። የግል መረጃ ያለበትን እትም ተራ አድሚን እንኳን እንዳያየው አድርገው ይደብቁታል። ሁሉም ዳታቤዝ እንዲህ የተደራጀ አይደለም፣ ግን ጥያቄው ሲመጣለት ማድረግ የሚችል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም።

እሷም ራሷ ብትጽፍላቸው ጥሩ ነው። የምትኖረው አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 17 የግል መረጃዬ ይሰረዝልኝ ብላ የመጠየቅ መብት ይሰጣታል። ሁልጊዜ እሺ ይባላል ማለት አይደለም፣ የተለዩ ሁኔታዎች አሉት። ቢሆንም ደብዳቤው ላይ አንቀጹ ሲጠቀስ ጥያቄው ቶሎ ይታያል።

የተቀዳውን በተመለከተ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ቧንቧው ግን ይዘጋል። መጀመሪያ ዋናው ይነሳ። ብዙዎቹ ቀጂዎች ከዋናው ነው በየጊዜው የሚያድሱት፤ ሲያድሱ አብሮ ይጠፋል። ሙዚቃብሬይንዝ የሚባለውን የሙዚቃ ዳታቤዝ ብንወስድ ዋና ዋናዎቹን መረጃዎች ከባለመብትነት ነፃ አድርጎ ይለቃቸዋል። ማንም አውርዶ የፈለገው ቦታ ሊያደርጋቸው ይችላል፣ ፈቃድ መጠየቅ የለበትም። የዊኪፔዲያ እህት የሆነው የመረጃ ቋት ዊኪዳታም እንደዚሁ ነው። የእነዚህ ቦታዎች ትልቁ ጥቅማቸው ይህ ነው። አንቺን እንቅልፍ የነሳሽም እሱው ነው።


ጀርባ ሽፋን፦

በልጅቷ ጉዳይ ከእናንተ ጋር ነኝ፤ ይነሳላት። ነገር ግን ከዚህ ተነስተን የትውልድ ቀንና ሙሉ ስም በጠቅላላ አንጻፍ ወደሚል እንዳንሄድ እፈራለሁ። ለምን እንደምፈራ ልንገራችሁ።

እኔ የምሠራው ከበሮ መቺዎች ላይ ነው። ሞክሼ የሆኑ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ስማቸውም የአባት ስማቸውም አንድ። አንደኛው አረፈ። አንድ አርታኢ የሞቱን ዜና አንብቦ ቀኑን በሌላኛው ገጽ ላይ ጻፈው። በሕይወት ያለው ሰው ሞተ ተባለ። ያንን ያወቅነው በአራተኛው ወር ነው፣ እሱ ራሱ «ሥራ እየጠፋብኝ ነው» ብሎ ሲጽፍልን። ሊቀጥሩት የፈለጉ ሰዎች ስሙን ሲፈልጉ የሞተ ሰው ያገኛሉ። ገጾቹ ላይ የትውልድ ዓመት ቢኖር ኖሮ ያ ስህተት አይደርስም ነበር። አንዱ ከሌላው በ20 ዓመት ይበልጣል።

ሕጉም ቢሆን መታየት አለበት። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሕግ አውጥታ ነበር። ተዋናዮች ዕድሜያቸው እንዲነሳ ሲጠይቁ እንደ አይኤምዲቢ ያሉ የፊልም መረጃ ድረ ገጾች እንዲያነሱ የሚያስገድድ፣ ተዋናዩ የእነሱ ከፋይ ደንበኛ ከሆነ ማለት ነው። የተዋናዮቹ ማኅበር ደግፎት ነበር። አይኤምዲቢ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2018 ሕጉን ውድቅ አደረገው። ይግባኝ ተባለ፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ያንኑ አጸና። እውነት የሆነን መረጃ እንዳይታተም መከልከል የመናገር ነፃነትን ይነካል ነው የተባለው።

እውነትን ማስቀመጥ ነውር ሆኖ እንዳይቆጠር ነው የምለው። እኔ የድሮ አልበሞችን ሽፋን በማጉያ መነጽር እያየሁ ስም የምለቅመው ሰዎቹ እንዳይረሱ ነው።


ድምፅ ብቻ፦

እኔ ደግሞ ከወዲያኛው በኩል ነኝ። ገጽ የተሠራላት እኔ ነኝ። የካርቱን ፊልም ላይ ድምፅ እሰጣለሁ። ሙያዬ ድምፅ ነው፤ ፊቴንም ዕድሜዬንም ማንም ማወቅ አያስፈልገውም። የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ እናገራለሁ፣ የ70 ዓመት አሮጊትም ሆኜ እናገራለሁ።

ማን እንደጻፈው የማላውቀው የትውልድ ቀን ገጼ ላይ አለ። ጃንዋሪ 1። የተወለድኩት በዚያ ቀን አይደለም። ቆይቶ ነው የገባኝ። አንድ ሰው ዓመቱን ብቻ ገምቶ አስገባ። ወሩንና ቀኑን ባዶ ተወው። መረጃውን የቀዳው ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ባዶ አልቀበልም ብሎ የመጀመሪያውን ወር የመጀመሪያውን ቀን ሞላበት። ከዚያ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲቀዳ «ቀኑ የተረጋገጠ» ሆኖ አረፈው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ከማላውቃቸው ሰዎች «እንኳን ተወለድሽ» ይመጣልኛል። ስልኬን አጥፍቼ ነው የምውለው። እንኳን ቀኑ ዓመቱም ትክክል አይደለም። ሦስት ዓመት ጨምሮብኛል።

ለማስተካከል ስጽፍላቸው ምን አሉኝ? የመታወቂያሽን ኮፒ ላኪ። ስለ እኔ የጻፈው ሰው ምንም አልተጠየቀም። እኔ ግን ስለ ራሴ ለመናገር መታወቂያ ተጠየቅኩ። አልላክሁም። የትውልድ ቀኔን እንዳይዙ የምፈልጋቸው ሰዎች ጋ ትክክለኛውን ቀን ከነፎቶዬ እንዴት እልካለሁ?

ጀርባ ሽፋን ወንድሜ፣ የፍርድ ቤቱን ታሪክ አውቀዋለሁ። ጊዜው ሲደርስ በየቀኑ ተከታትዬዋለሁ። ግን ያ ፍርድ የሚናገረው መንግሥት ምን መከልከል እንደማይችል ነው። እናንተ ማታ ቁጭ ብላችሁ ባዶ ሳጥን ስታዩ ምን እንደምታደርጉ አይናገርም። እኔን አንድ ፈተና ላይ «ለዚህ ገጸ ባሕርይ ዕድሜሽ ትንሽ ገፋ» ብለውኛል። ድምፄን አልሰሙም ነበር። ገጼን ነበር ያዩት።

እህቴ ክሬዲት አንባቢ፣ ለዚያች ሴት በዚያው ሰዓት ማጥፋትሽና ይቅርታ መጠየቅሽ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም።


የቆየ አርታኢ፦

ድምፅ ብቻ፣ አንጀቴን በላሽው። ያ ጃንዋሪ 1 የሚሉት ነገር እኔም ስንት ገጽ ላይ አግኝቼዋለሁ። አርታኢዎች ሆይ፣ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው ስታገኙ ምንጩን ክፈቱ። እውነት በዚያ ቀን የተወለዱ ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ ግን ምንጩ ላይ ያለው ዓመት ብቻ ነው።

ጀርባ ሽፋን፣ የሞክሼው ነገር እውነት ነው፣ እኔም ደርሶብኛል። መፍትሔው ግን የትውልድ ቀን አይደለም። ሙዚቃብሬይንዝ ላይ ከስሙ አጠገብ አጭር መለያ የሚጻፍበት ቦታ አለ። «የጃዝ ከበሮ መቺ»፣ «የሮክ ባንድ ከበሮ መቺ» ብሎ መለየት ይቻላል። ከማን ጋር እንደሠራ፣ በየትኞቹ ዓመታት እንደቀዳ። ይህ ሁሉ አልበሙ ሽፋን ላይ ያለ ነው። ሰውየው ራሱ ለሕዝብ ያወጣው ሥራው ነው። ቀኑንም ዓመት ብቻ አድርጎ መተው ይቻላል፤ ዓመት፣ ወርና ቀን የየራሳቸው ሳጥን አላቸው። ከበሮ መቺዎችህን ለመለየት ዓመቱ ይበቃህ ነበር፣ አንተው እንዳልከው።

ዊኪፔዲያ በሕይወት ላሉ ሰዎች ያወጣው ደንብ ለእኔ ጥሩ መለኪያ ሆኖኛል። ሙሉ የትውልድ ቀን የሚጻፈው በታመኑ ምንጮች በሰፊው ከታተመ ነው። ወይም ደግሞ ሰውየው እንደማይቃወም ከራሱ ወገን ከወጣ ነገር መረዳት ከተቻለ። ሰውየው ካማረረ ወይም ብዙም የማይታወቅ ሰው ከሆነ ዓመቱን ብቻ መጻፍ ይሻላል ይላል። ሁለት ነገር አስተውሉ። «ምንጭ አለ ወይ» ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። ምንጩ ምን ዓይነት ነው፣ ሰውየውስ ምን ይላል ብሎም ይጠይቃል። የወንድም የልደት መልእክት ምንጭ ነው፣ አልክድም። የተጻፈው ግን ለእህቱ ነው።

ስምም ላይ ነገሩ እየተለወጠ ነው። አይኤምዲቢ ድሮ የልደት ስምን አላነሳም ይል ነበር። ስማቸውን የለወጡ ትራንስጀንደር ተዋናዮችና አብረዋቸው የቆሙ ማኅበራት ለዓመታት ጮኹ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደንቡ ተለወጠ። የልደት ስሙ በሰፊው የማይታወቅና ባለቤቱ የማይጠቀምበት ከሆነ እንዲነሳ መጠየቅ ይቻላል። አይኤምዲቢ እ.ኤ.አ. በ1990 በጥቂት የፊልም አፍቃሪዎች ዝርዝር የተጀመረ ነገር ነው። ያኔ ዝርዝሩን የሚያነበው ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ቀጣሪም ያነበዋል፣ ጎረቤትም ያነበዋል፣ የቀድሞ ባልም ያነበዋል።


ጀርባ ሽፋን፦

የጻፋችሁትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድምፅ ብቻ፣ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ፤ ያንቺን ገጽ የጻፍኩት እኔ ባልሆንም እንደ እኔ ያለ ሰው ነው።

የሞክሼዎቼን ገጾች ትናንት ማታ ከፈትኳቸው። ከዚያ ስህተት በኋላ ሁለቱም ላይ ሙሉ ቀን ገብቶ ነበር። በሕይወት ያለው ላይ ወሩንና ቀኑን አነሳሁ፣ ዓመቱን ተውኩ። መለያውን ከሠራበት ባንድ ዓይነት ጋር አድርጌ ጻፍኩ። ግልጽ ሆኖ ይታያል፣ ማንም አያምታታቸውም።

አንድ ነገር ግን አልለቅም። ያረፈው ሰውዬ ላይ ሙሉ ቀኑን አስቀምጫለሁ። ቤተሰቡ ራሱ ባወጣው የሐዘን መግለጫ ላይ አለ።


የቆየ አርታኢ፦

እሱ ላይ ክርክር የለኝም። እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።


ክሬዲት አንባቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምን እንደደረሰ ልንገራችሁ።

ለአስተዳዳሪዎቹ በግል ጻፍኩ። መጀመሪያ እሷን ጠየቅኳት፤ እሺ ካለችኝ በኋላ ነው የላክሁት። የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነገርኳቸው። ስለዚያ ሰውዬ አንድ ቃል አልጻፍኩም። በአምስተኛው ቀን መለሱልኝ። ስሙም ቀኑም ተነሳ፣ የለውጥ ታሪኩም ተደበቀ። እኔው ራሴ ገብቼ ታሪኩን ስከፍት ሁለት መስመሮች ላይ ጽሑፉ በግራጫ ተሸፍኗል።

መልሶ ላስገባው ልጅም በግል ጻፍኩለት። ምክንያቱን ሳልነግረው «ባለቤቷ አልፈለገችም» ብቻ አልኩት። ወዲያው መለሰልኝ። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ አልነካውም ነበር» አለኝ። ከቀጂዎቹ አንደኛው ላይ ሲታደስ ጠፍቷል። ሌላኛው ጋ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ፣ መልስ የለም። አሁንም እዚያ ላይ አለ። ለእሷም እንዳለ ነገርኳት፤ ጠፋ ብዬ ልዋሻት አልቻልኩም። «ገብቶኛል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልጻፈችልኝም፣ እኔም አላስቸገርኳትም።

ገጿ ላይ አሁን አራቱ አልበሞች አሉ። የመድረክ ስሟም አለ። በየትኛው ዘፈን ላይ እንደተቀበለችም አለ። ጠይቄያት ነበር፣ እነሱስ ይነሱ ወይ ብዬ። «እነሱን አትንኪያቸው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

የራሴን ግቤቶች ከመጀመሪያው ጀምሬ እያየሁ ነው። ቀን ወይም የመታወቂያ ስም ያስገባሁባቸው ሰዎች ከ200 ይበልጣሉ። እያንዳንዱን ሊንክ እከፍታለሁ። ሰውየው ራሱ ቃለ ምልልስ ላይ ከተናገረው ወይም የራሱ ድረ ገጽ ላይ ካለ እተወዋለሁ። ከእህት፣ ከጓደኛ፣ ከተማሪ ቤት ፎቶ የለቀምኩት ከሆነ አነሳዋለሁ። ማስታወሻው ላይ «ምንጩ በቂ አይደለም» ብዬ ብቻ እጽፋለሁ። ዘጠኝ የጃንዋሪ 1 ልደት አግኝቻለሁ፣ ስምንቱ ላይ ምንጩ ዓመት ብቻ ነው የሚለው። ትናንት ማታ 63ኛው ላይ ደረስኩ፤ አንድ መብራት ያዥ ነው። ዛሬ ማታ ከእሱ እቀጥላለሁ።